ስለ ኔቡላ ፎቶግራፍ፦ ቀለሙ ቅብ ነው ወይስ ማስረጃ?

ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1995 ያነሣውን የኤም 16 ኔቡላ ፎቶግራፍ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ሦስት ታላላቅ ዓምዶች ይታዩበታል። ይህን የመሰለ ሥዕል በተነሣ ቁጥር ከአባሎቻችን መካከል «ቀለሙ በኮምፒዩተር የተቀባ ነው፤ ስለዚህ ጌጥ እንጂ ሳይንስ አይደለም» የሚሉ አሉ። ክሱ በከፊል ልክ ነው፤ ቀለሙን የመረጡት ሰዎች ናቸውና። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱን ለማሳየት ከሥሩ መነሣት ያስፈልጋል።

ኔቡላ በከዋክብት መካከል የሚገኝ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በአጠገቡ እጅግ የጋለ ወጣት ኮከብ ካለ፣ የኮከቡ አልትራቫዮሌት ጨረር ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ሃይድሮጅን ያጣውን ኤሌክትሮን መልሶ ሲይዝ፣ ኤሌክትሮኑ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ብርሃን ይሰጣል። ኦክስጅንና ድኝ ደግሞ በነፃ ኤሌክትሮኖች ተገጭተው ያገኙትን ጉልበት በብርሃን መልክ ይመልሳሉ። ዋናው ቁም ነገር ይህ ብርሃን እንደ ፀሐይ ብርሃን ሁሉንም ቀለም የያዘ አለመሆኑ ነው። በተወሰኑ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ይወጣል፦ ሃይድሮጅን በ656.3 ናኖሜትር ቀይ፣ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በ500.7 አረንጓዴ፣ አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ድኝ በ671.6 እና በ673.1 እንደ ገና ቀይ።

ይህ የታወቀበት ታሪክ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ኔቡላ ሁሉ በርቀት ምክንያት ተለይተው የማይታዩ የከዋክብት ክምችት ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሀጊንስ ስፔክትሮስኮፕ ይዞ በድራኮ ኅብረ ከዋክብት ያለ አንድ ኔቡላን ሲመረምር የቀስተ ደመና ኅብር ሳይሆን ብሩህ መስመሮችን አየ። ከዋክብት ቢሆኑ ኖሮ ኅብሩ በተዘረጋ ነበር፤ ስለዚህ ጋዝ ነው። ሆኖም ከመስመሮቹ ብርቱ የሆነው አረንጓዴው በምድር ላይ ከሚታወቅ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር ስላልገጠመ፣ «ኔቡሊየም» የሚል ስም ለተሰጠው አዲስ ንጥረ ነገር ተቆጠረ። ኔቡሊየም የሚባል ነገር ግን አልነበረም። በ1927 አሜሪካዊው ኢራ ቦወን መስመሩ የተራ ኦክስጅን መሆኑን አስረዳ፤ በላቦራቶሪያችን ያልታየውም የምድር ጋዝ ጥቅጥቅ በመሆኑ አተሙ ብርሃኑን ከመስጠቱ በፊት ከሌላው ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን ስለሚያጣ ነው። ሳንባችን የሚስበው አየር ለረጅም ዓመታት በሐሰተኛ ስም ሲጠራ ኖረ ማለት ነው።

ጠባብ ማጣሪያ የሚባለው መሣሪያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። እጅግ ስስ በሆኑ ብዙ ንብርብሮች የተለበጠ መስተዋት ሲሆን፣ ከአንድ መስመር ዙሪያ ከ3 እስከ 7 ናኖሜትር የሚሆን ስፋት ብቻ ያሳልፋል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ገደማ ስለሚዘረጋ፣ የ3 ናኖሜትር ማጣሪያ የሚከፍተው በር ከመቶ አንድ እጅ ነው። የድሮው የሶዲየም መንገድ መብራት በይበልጥ በ589 አካባቢ ስለሚያበራ በአብዛኛው ውጭ ይቀራል፤ የአሁኑ ነጭ መብራት በሁሉም ቀለም ስለተበተነ ቁራጩ ብቻ ያልፋል። የኔቡላው መስመር ግን ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል ይገባል። ስለዚህ ሌሊቱ እንደ ቀን በሚበራበት የባሕረ ሰላጤ ከተማ የሚኖር ተማሪ ከመኖሪያው ሰገነት ላይ ኔቡላ ማንሣት ይችላል። ጨረቃም ብትኖር የሃይድሮጅኑን ያነሣል፤ የኦክስጅኑን ግን ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ቢጠብቅ ይሻለዋል። ለጋላክሲና የኮከብ ብርሃን ለሚያንጸባርቅ አቧራ ማጣሪያው አይረዳም፤ ብርሃናቸው በመስመር የተወሰነ አይደለምና። ሻጮች ይህን ሲናገሩ አይሰማም።

አንድ ማጣሪያ፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ካሜራ፣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ የሚቆይ አንድ ፎቶግራፍ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ለምን ይህ ሁሉ ድግግሞሽ? ሕክምና የምናጠና ሰዎች መልሱን በሌላ መልክ እናውቀዋለን። አንጎል ለብልጭታ የሚሰጠው ምላሽ በሌላው የአንጎል ኤሌክትሪክ ውስጥ ተቀብሮ በአንድ ሙከራ አይታይም፤ ብልጭታው መቶ ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ሲወሰድ ግን የዘፈቀደው ንዝረት እርስ በርሱ ይጣፋና ምላሹ ብቅ ይላል። እዚህም ሕጉ ያው ነው፦ መቶ ፎቶግራፍ ሲደረብ ብጥብጡ አንጻራዊ ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከመደረቡ በፊት ክዳን ተከድኖ የተነሣ ጨለማ ፎቶግራፍ ይቀነሳል፤ በሙቀት ብቻ የሚፈጠረውን የሐሰት ምልክት ያስወግዳልና፣ በዚህ አገር በጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጥ ብርሃን ያለው ገጽ ተነሥቶም ይካፈላል፤ በመስተዋቱ ላይ ያለው የአቧራ ጥላ በዚህ ይጠፋል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። ሃይድሮጅንና ድኝ ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ልዩነታቸው 15 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። «እውነተኛ ቀለም» ይሁን ብንል ሁለቱ ተደባልቀው የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ይጠፋብናል። ስለዚህ በሀብል ሥዕል ላይ በሞገድ ርዝመት ቅደም ተከተል አጭሩ ኦክስጅን ሰማያዊ፣ መካከለኛው ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ረጅሙ ድኝ ቀይ ተሰጣቸው። ተቃዋሚዎቻችን በየዕለቱ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ሕዋስ በተፈጥሮው ወይን ጠጅና ሮዝ ነውን? በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን የተነከረ ነው፤ ማንም ግን ምርመራውን ሐሰት አይለውም። ዓይንስ ዳኛ ይሁን ቢባል? በጨለማ የሚያዩት የሬቲና ሕዋሳት ለ656 ናኖሜትር ከሞላ ጎደል ዕውር ስለሆኑ፣ በቴሌስኮፕ ውስጥ በዓይን የሚታየው ኔቡላ አብዛኛውን ጊዜ አመድማ ነው።

እኔ እንደማየው እውነተኛው አደጋ ከቀለሙ ምርጫ አይመጣም። የሃይድሮጅን ብርሃን ከሌሎቹ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ሦስቱ እንዳሉ ቢጣመሩ ሥዕሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስለዚህ ደካሞቹ ይጎላሉ። ከዚህ በኋላ ሥዕሉ ጋዙ የት እንዳለ ይነግረናል፤ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን አይነግረንም፤ ይህን የሚረሳ ተመልካች ይሳሳታል። ከዚያ የሚብሰው፣ በሌሎች ሥዕሎች የሠለጠነ ፕሮግራም «እያጠራ» ካሜራው ያልመዘገበውን ክር ሲጨምር ነው። ያ መንከር አይደለም፤ ሕዋስ መሣል ነው። በመሆኑም ሥዕል የሚያወጣ ሰው የማጣሪያውን ስፋት፣ የፎቶግራፉን ቁጥርና ደቂቃ፣ የቀለሙን ድልድል፣ የተጠቀመበትን ፕሮግራም ከሥሩ ይጻፍ። የማይጻፍለትን ሥዕል እንደ ግድግዳ ጌጥ ብቻ መቀበል ተገቢ ነው።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። በደቡብ ሰማይ ያለው ታላቁ የካሪና ኔቡላ በ25 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላለ ሰው ከአድማስ ከ5 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም፤ በአቧራው ውስጥ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ኬክሮስ ግን በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ምሽት 21 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ፣ ወደ ደቡብ ክፍት የሆነ ሜዳ መምረጥ ነው። ማጣሪያው በሸሚዝ ኪስ ይገባል።