ለመጀመሪያ የጓሮ አትክልትዎ የትኛው አጠጣጥ ይሻላል?



ክረምቱ ሲወጣ በቢሾፍቱ ብዙ ቤተሰቦች በጓሯቸው ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም ይተክላሉ። መልካም ሥራ ነው። ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ላይ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ነገር ግን ለልጆቻቸው የወስፋትና የአሜባ መድኃኒት ደጋግመው ሊገዙ የሚመጡ እናቶችን «ሰላጣውን በምን ታጠጡታላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ፣ አንዳንዶቹ ከመንገድ ዳር ቦይ እንደሚቀዱ ይነግሩኛል። መድኃኒቱ ትሉን ያስወጣል፤ ውሃው ካልተለወጠ ግን ትሉ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ይምረጡ። የቧንቧ ውሃ ወይም ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይበቃል። የቦይ ፍሳሽ ለጥሬ አትክልት ፈጽሞ አይሁን። የሆራና የቢሾፍቱ ሐይቆች ውሃም ሶዳ ስላለበት ውሎ አድሮ አፈሩን ያበላሻል።

አጠጣጡን በተመለከተ አራት መንገዶች አሉ።

1. በጎማ ከላይ መርጨት፦ ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ያባክናል። ቅጠሉም እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ቲማቲም በቅጠል በሽታ ይጠቃል።

2. በቦይ መልቀቅ፦ ለሰፊ ማሳ እንጂ ለጓሮ አይመችም። በመረሬ አፈር ላይ ውሃው ይተኛል።

3. በጣሳ ሥር ሥሩን ማጠጣት፦ ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። በበጋ ለ1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይገመታል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 4 ካሬ ሜትር ያጠጣል ማለት ነው። ጠዋት በማለዳ ያጠጡ። አስቀድመው ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ካለው ለነገ ይተዉት።

4. በሃይላንድ ማንጠባጠብ፦ የባዶ ሃይላንድ ክዳን በመርፌ ይበሱ፤ ቂጡን ቆርጠው አንገቱን ወደ ታች አድርገው ከቲማቲሙ ሥር አጠገብ ይቅበሩትና ውሃ ይሙሉበት። ትንኝ እንዳይራባበት አፉን በጨርቅ ይሸፍኑ።

የውዱእ ውሃስ? ሳሙና ስለሌለበት በሳፋ አጠራቅመው ለአትክልቱ ቢያውሉት መልካም ነው። ሆኖም እግርና አፍ የታጠበበት ስለሆነ በአፈሩ ላይ ይፍሰስ፤ በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይ አይፍሰስ። ተቀቅሎ ለሚበላ ጎመን ይሻላል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ነበር። ለዒባዳ እንኳ እንዲህ ከተቆጠበ፣ ጎማ ከፍቶ መርሳት ኢስራፍ መሆኑን ለልጆቻችን በጓሯችን እናሳያቸው። በንጹሕ ውሃ ያደገ ሰላጣም ቢሆን ከመበላቱ በፊት በደንብ ይታጠብ፤ የሚቆርጠውም እጅ እንዲሁ።

አላህ በጓሯችን በረካ፣ በቤታችን ዓፊያ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።