የሽጉጥ እጀታና የእጅ ልክ፦ ተረትና እውነታ

ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. ማለዳ፣ ከካርቱም ማዶ፣ ከኦምዱርማን በስተሰሜን ባለው የከረሪ ሜዳ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ጦርና የኸሊፋ አብዱላሂ ደርቡሾች ተፋጠጡ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከወደቁ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሆኗል። የ21ኛው ላንሰር ፈረሰኞች ሊያጠቁ ሲሰለፉ ከመካከላቸው አንድ የ23 ዓመት መቶ አለቃ ሰይፉን ወደ አፎቱ መልሶ ሽጉጥ መዘዘ። መቶ አለቃው ዊንስተን ቸርችል ነበር፤ ሽጉጡ ደግሞ የጀርመን ሥሪት ማውዘር ሲ-96።

ስለ ሽጉጥ እጀታ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ማውዘሩ በታሪክ ከገነኑት ሽጉጦች አንዱ ነው፤ እጀታው ግን ከእጅ ጋር እምብዛም አይስማማም። ፈቃድ ኖሮት ሽጉጥ የሚይዝ ጥበቃም ሆነ ፖሊስ ወይም የኢላማ ተኩስ ስፖርተኛ ስለ እጀታ ልክ የሚሰማው ምክር አብዛኛው እንዲሁ በስምና በወሬ የቆመ ነው። የተለመዱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ ቸርችል ማውዘሩን የመረጠው ለእጁ ስለተስማማው ነው።

እውነታ፦ ያስመረጠው ትከሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ቦምቤይ ላይ ከጀልባ ሊወርድ የወደቡን የብረት ቀለበት እንደያዘ ማዕበሉ ጀልባዋን ከሥሩ ወሰደበትና ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፍ መሰንዘር አስጊ ሆነበት። በማውዘሩ ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከምላጩ ፊት ባለ ቋሚ ካዝና ስለሆነ በእጀታው ውስጥ የሚገባ ነገር የለም፤ እጀታው ቀጭንና ድቡልቡል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዞች «የመጥረጊያ እንጨት» ብለው አሹፈውበታል። ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል፦ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ በርሜሉ ከጨበጠው እጅ በላይ ርቆ ስለሚቀመጥ ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር አፈሙዙ ሽቅብ ይዘላል።

ታዲያ እንዴት አገለገለው? ቸርችል በትዝታ መጽሐፉ እንዳሰፈረው ዓባይን ሽቅብ ሲጓዙ በሽጉጡ በደንብ ተለማምዶበታል። ሁለት ደቂቃ ያህል በፈጀው ግጥሚያም የተኮሰው ፈረሱን ሊነኩ በተቃረቡ ሰዎች ላይ ነበር፤ አሥሩንም ጥይት ጨርሶ ወጣ። በዚያ ርቀት የእጀታ ጉድለት አይታወቅም። ራቅ ያለ ኢላማ ላይ ግን ወዲያው ይታያል።

ተረት 2፦ እጀታው መዳፍን ሞልቶ ከተመቸ ልክ ነው።

እውነታ፦ መዳፍ ያታልላል፤ ዋናው መለኪያ ሌባ ጣት ነው። ሲፈትሹ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረው መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ ቀጥሎ ላይኛውን ተንሸራታች ብረት ስበው በርሜሉ ውስጥ የተቀባበለ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ አፈሙዙን ከዚያው አቅጣጫ ሳያነሱ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ከእጀታው ጀርባ ጫፍ ሥር አስጠግተው ይጨብጡ። ከላይ ሲያዩት በርሜሉና ክንድዎ አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ይህን መስመር ሳያዛንፉ የሌባ ጣትዎ የፊተኛው አንጓ ሥጋ ምላጩ መሃል ላይ ካረፈ ልክዎን አግኝተዋል።

ጣትዎን ለማድረስ እጅዎን ወደ ጎን ማዞር ካስፈለገዎት እጀታው ትልቅ ነው። ያኔ የሽጉጡ ጀርባ መዳፍዎ ላይ መደገፉ ይቀርና አውራ ጣትዎ ሥር ያለው አጥንት ላይ ያርፋል፤ ጥይቱ ሲተኮስ የሚመለሰውን ምት የሚቀበለው ይኸው አጥንት ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን ሱቅ ውስጥ ሽጉጥ ሲያነሳ እጁን ሳያውቀው አዙሮ ይይዝና «ተመቸኝ» ይላል።

ተረት 3፦ እጁ ትልቅ የሆነ ሰው የፈለገውን ይይዛል።

እውነታ፦ ትልቅ እጅም በትንሽ እጀታ ይቸገራል። ሌባ ጣቱ ምላጩን አልፎ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባል፤ ሲስብም ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ በመምጣት ፈንታ አፈሙዙን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። ይባስ ብሎ ወፍራም እጅ ከእጀታው በላይ ሲተርፍ ተንሸራታቹ ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ ቆዳ ይቦጭቃል፤ የጀርመኑ ዋልተር ፒፒኬ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። በቤልጅጉ ብሮውኒንግ ሃይ ፓወር ላይ ደግሞ የሚቆነጥጠው መዶሻው ነው።

ተረት 4፦ ብዙ ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ እጀታው ወፍራም ነው፤ ጥቂት የሚይዝ ለትንሽ እጅ ይሆናል።

እውነታ፦ የእጀታ ውፍረትና የምላጭ ርቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብሮውኒንግ ሃይ ፓወር እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ በሁለት ረድፍ 13 ጥይት ይይዝ ነበር፤ ሆኖም እጀታው ለብዙ እጅ በመመቸቱ ተመስግኗል። በአገራችን ስሙ በሰፊው የሚታወቀው ማካሮቭ ደግሞ በአንድ ረድፍ 8 ጥይት ብቻ ይይዛል፤ እጀታውም አጭር ነው። ነገር ግን መዶሻው ሳይነሳ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ምላጩ ወደ ፊት ርቆ ይቆማል፣ አሳሳቡም ከባድ ነው። ከሁለተኛው ጥይት ጀምሮ ቀረብ ይላል፣ ይቀልላልም። ስለዚህ ልክን መፈተሽ የሚገባው ምላጩ በሚርቅበት በመጀመሪያው አሳሳብ ነው።

የሪቮልቨር ነገር ከዚህ ይለያል። ጥይቱ በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ እጀታውን አውልቆ በቀጭን ወይም በወፍራም መቀየር ይቻላል።

ተረት 5፦ ወፍራም እጀታ ምት ይቀንሳል፤ ላስቲክ ካጠለቁበት ችግሩ ይፈታል።

እውነታ፦ ሰፊ እጀታ ምቱን መዳፍ ላይ እንደሚያሰራጭ እውነት ነው፤ ይህ የሚሠራው ግን እጁ እጀታውን ዙሪያውን ሲይዘው ነው። እጅ ካልዞረው ሽጉጡ በእያንዳንዱ ተኩስ ከመዳፍ እየሾለከ ቦታውን ይለቃል። የላስቲክ ሽፋን ደግሞ በጎንም በጀርባም ውፍረት ስለሚጨምር ምላጩን ከጣት ያርቀዋል፤ ጣታቸው አጭር የሆነ ሰዎች ለመፍትሔ ያሉት ችግራቸውን ያብስባቸዋል። ለትልቅ እጅ ግን ሊጠቅም ይችላል።

ተረት 6፦ ለሴት የምትስማማው ትንሿ ሽጉጥ ናት።

እውነታ፦ ትንሽ ሽጉጥ ለመሸከም እንጂ ለመተኮስ አይቀልም። ያው ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲወጣ ምቱ ከከባዱ ይልቅ ይሰማል፤ እጀታው ባጠረ ቁጥር ደግሞ ያንን ምት የሚይዙት ጣቶች ያንሳሉ። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ምላጩ ቅርብ የሆነ ሽጉጥ ከኪስ ሽጉጥ የተሻለ የሚያስተኩስበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የእጅ ልክ በጾታ አይወሰንም። ረጅም ጣት ያላት ሴትም፣ አጭር ጣት ያለው ግዙፍ ወንድም በየቤቱ አሉ።

ተረት 7፦ ዋናው ጨምቆ መያዝ ነው።

እውነታ፦ ከልክ በላይ የተጨመቀ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሌባ ጣትም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ስለሚደርቅ ምላጩን በዝግታ መሳብ ይሳነዋል። እጀታው ልክ ሲሆን ሽጉጡን የሚያጸናው የእጁ አቀማመጥ ነው፤ ጉልበት ብዙም አይጠየቅም። ከጉልበት ይልቅ የእጀታው ገጽ ይበልጥ ያሳስባል። ካርቱም በግንቦት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትሞቃለች፤ በአፋር፣ በጋምቤላና በመተማ ቆላም ያለው ሙቀት ቀላል አይደለም። በላብ የረጠበ መዳፍ ለስላሳ እንጨትና ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል። ደጋ ላይ በደረቅ እጅ የተመቸ እጀታ ቆላ ሲወርድ ላይታመን ስለሚችል ሸካራነቱን በእርጥብ እጅም መፈተሽ ይገባል።

ተረት 8፦ እጅ ይለምደዋል።

እውነታ፦ ልምምድ ብዙ ነገር ያስተካክላል፤ አጭር ጣት ግን አያስረዝምም። ይህን የአሜሪካ ጦር ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ገደማ ተቀብሎታል። ኮልት 1911 ተብሎ የሚታወቀውን ሽጉጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተጠቀመበት በኋላ ብዙ ወታደር ምላጩ እንደሚርቀው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ምላጩ አጠረ፣ ከምላጩ በስተኋላ ያለው ብረት በሁለቱም ጎን ለጣት ማለፊያ ተፋቀ፣ እጅ እንዳይቆነጠጥም የጀርባው ጫፍ ረዘመ። የተሻሻለው 1911ኤ1 ተባለ። ጦሩ «ወታደሩ ይልመደው» ብሎ አላለፈውም፤ መሣሪያውን አስተካከለ።

ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው ዋልተር ፒ99 የሚቀያየሩ የእጀታ ጀርባዎች ይዘው ከመጡት ቀዳሚ ሽጉጦች አንዱ ነው፤ ግሎክም እ.ኤ.አ. በ2010 በአራተኛው ትውልድ ሽጉጡ ተመሳሳይ አሠራር አስገብቷል። በኢላማ ተኩስ ስፖርት ያሉት ደግሞ ከሁሉም ርቀው ሄደዋል፤ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች የእንጨት እጀታቸውን በራሳቸው እጅ ልክ አስቀርጸው ይቀርባሉ።

እንግዲህ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ስም፣ ዝናና የጥይት ብዛት ከመቁጠሩ በፊት አራት ነገር ይመልከት፦ በርሜሉና ክንዱ አንድ መስመር ላይ መዋላቸውን፣ ሌባ ጣቱ በመጀመሪያው አሳሳብ ምላጩ መሃል ላይ ማረፉን፣ ትንሿ ጣቱ የምትይዘው እንዳላት፣ እጁ በላብ ሲርስም እጀታው አለመንሸራተቱን። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የእጀታው ጀርባ ወይም ሽፋኑ ይቀየር፤ ያ ካልሆነም ሌላ ሽጉጥ ይፈለግ። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ፈቃድ ያለዎት ሰው ከሆኑ ደግሞ ልኩን ከመፈተሽዎ በፊት ሁልጊዜ አስቀድመው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ባዶ ነው» ብሎ የሰጠዎት ሰው የቱንም ያህል የሚያምኑት ቢሆን።