ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ኪንሻሳ

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 30 ቀን 1974፣ ሙሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን በኪንሻሳው የሜይ 20 ስታዲየም ሪንግ ውስጥ ሲገናኙ ሰዓቱ ከሌሊቱ 10 ነበር። 60 ሺህ ያህል ሕዝብ እንቅልፉን ትቶ ተሰብስቧል። ዶሮ ሊጮህ በተቃረበበት ሰዓት የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮና የሚካሄደው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ኒው ዮርክ ነው። በዚያች ደቂቃ ኒው ዮርክ ላይ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ አሜሪካውያን እራታቸውን በልተው፣ ቲኬት ቆርጠው፣ በየሲኒማ ቤቱና በየአዳራሹ ከትልቁ ሸራ ፊት ተቀምጠዋል።

የቦክስን ገንዘብ ለመረዳት ስሞክር ሁልጊዜ የምጀምረው ከሰዓቱ ነው። ግጥሚያው የት እንደሚካሄድ የሚወስነው አንድ ከፋይ ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሚካሄድ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ከፋይ ነው። በኪንሻሳ ቦታውን የገዛው የዛየሩ መሪ የሞቡቱ ሴሴ ሴኮ መንግሥት ነበር፤ ሰዓቱን የገዛው የአሜሪካ ተመልካች። በስታዲየሙ ወንበር ላይ ሌሊቱን ያነጋው ሕዝብ ከሁለቱም ወገን አልነበረም።

ትልቅ የከባድ ሚዛን ግጥሚያ በባሕርዩ ሰርግ ይመስላል። የእግር ኳስ ክለብ ዛሬ ስታዲየሙ ባይሞላለት በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ጨዋታ አለው። የቦክስ አዘጋጅ ግን ለወራት ያወጣውን ገንዘብ የሚመልስባት አንዲት ሌሊት ብቻ ናት፤ እሷም በመጀመሪያው ዙር ልታልቅ ትችላለች። እንግዳ መጣም ቀረም ድንኳኑ ተተክሏል፣ በሬው ታርዷል። በዚያ ላይ ከወጪዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ የቦክሰኞቹ ክፍያ፣ ከገቢው ቀድሞ ይቆረጣል። ስመ ጥር ቦክሰኛ የተረጋገጠ ገንዘብ ካላየ አይፈርምም፤ ልክም ነው። ዕድሜው አጭር ነው፣ አንድ ቡጢ ሥራውን ሊያስቆመው ይችላል፣ ከውድድሩ በኋላ የሚመጣ ሒሳብ ደግሞ እየተሸረፈ ይመጣል። አሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ከላሪ ሆምስ ጋር ለገጠመበት 8 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ 1.17 ሚሊዮኑ ጎደለበት። ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ ክሱን ያነሳው 50 ሺህ ዶላር በጥሬው ተቀብሎ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ፣ ገቢው ባይመጣ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። የከባድ ሚዛን ቦክስ የመቶ ዓመት ታሪክ ይህ ሸክም ከጫንቃ ወደ ጫንቃ ሲተላለፍ የኖረበት ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ተሸካሚው በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ቴክስ ሪካርድ የተባለው አዘጋጅ ጃክ ዴምፕሲን ከፈረንሳዊው ጆርጅ ካርፓንቲዬ ጋር በኒው ጀርሲ ሲያገናኝ የበሩ ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ይህ ወሬ ብዙ ሰው አሳሳተ። ከተሳሳቱት መካከል በሞንታና ግዛት የምትገኘው ሼልቢ አለች፤ ነዳጅ ዘይት ከተገኘባት ገና አንድ ዓመቷ የሆነ፣ የባቡር ሐዲድ ዳር ትንሽ ከተማ። የሼልቢ ሰዎች ስማቸውን በአገሩ ሁሉ ለማስጠራት ዴምፕሲን ከቶሚ ጊበንስ ጋር እኛ ዘንድ እናጋጥም አሉ። የዴምፕሲ ማናጀር ጃክ ኪርንስ 300 ሺህ ዶላር፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል፣ ጠየቀ። የመጀመሪያው 100 ሺህ ተከፈለ። ሁለተኛው በመከራ ተሟላ። ሦስተኛው ጠፋ። «ይካሄዳል»፣ «አይካሄድም» የሚለው ወሬ ሳምንታት ሲቆይ፣ ከሩቅ ከተሞች ተመልካች ሊያመጡ የነበሩ ልዩ ባቡሮች ተሰረዙ። 40 ሺህ ሰው እንዲይዝ ከእንጨት በተሠራው ስታዲየም ውስጥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1923 ከፍሎ የገባው 7 ሺህ ያህል ሰው ነበር። ኪርንስ የጎደለውን ከበሩ ገቢ ሰብስቦ በባቡር ሄደ። ዴምፕሲን 15 ዙር ሙሉ የተቋቋመው ጊበንስ ለዚያ ሁሉ ድካሙ የክፍያ ገንዘብ አላገኘም። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ባንኮች ተዘጉ፤ ገንዘባቸውን እዚያ ያስቀመጡ፣ ቲኬትም ያልቆረጡ ሰዎች ጭምር የግጥሚያው ከፋይ ሆኑ።

የሼልቢ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይወራል። እኔ ግን እንደ ትምህርት ነው የማነበው። ቦክሰኛው ወይም ወኪሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ከያዘ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የሌላው ሰው ችግር ነው። የከተማዋ መሪዎች ቲኬት የሚሸጡ መስሏቸው ነበር፤ በተግባር ግን ዋስ ሆነው ፈርመዋል።

ቀጥሎ ሸክሙ ወደ ሸራው ዞረ። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1971 አሊና ጆ ፍሬዘር በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲገናኙ ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቁርጥ ክፍያ ተመደበ። ከዚህ 5 ሚሊዮን ውስጥ 4.5 ሚሊዮኑን ያቀረበው የሎስ አንጀለሱ ባለሀብት ጃክ ኬንት ኩክ ነው፤ ሐሳቡን ያመነጨው ደግሞ የፊልም ተዋናዮች ወኪል የነበረው ጄሪ ፔሬንቺዮ። ጋርደን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የበሩ ገቢ 1.35 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ከቦክሰኞቹ ክፍያ ሩብ ያህሉን ብቻ ነው የሸፈነው፤ ሌላው የመጣው በየከተማው ከፍለው በሸራ ካዩት ነው።

ዶን ኪንግ ይህን በሚገባ ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከእስር የወጣው የክሊቭላንድ ሰው በ1974 ለአሊም ለፎርማንም 5 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ አስፈረማቸው። ገንዘቡ አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ የሚያሰኝ ውል ነው፤ ግን ሁለቱ ፊርማዎች ራሳቸው ሀብት ነበሩ። ያለ እነሱ ማንም ያን ግጥሚያ ማካሄድ አይችልም። ቪዲዮ ቴክኒክስ የተባለው የሥርጭት ኩባንያ አብሮት ነበር፤ የእንግሊዙ ሄምዴል ኩባንያም ገባበት፤ የሚያስፈልገውን ትልቅ ገንዘብ ግን ያቀረበው የዛየር መንግሥት ነው፣ ሪስኔሊያ በተባለ ኩባንያ በኩል። አስመጪ ኤልሲ ሳይከፍት ዕቃው እንደማይጫንለት ሁሉ፣ እነዚህም ቦክሰኞች ሊከፍል የሚችል አካል ከጀርባ ካልቆመ አይሮፕላን አይሳፈሩም ነበር።

ሞቡቱ በዚያ ገንዘብ ምን ገዛ? ከሸራ የሚገኘውን ትርፍ ነው ማለት ያስቸግራል። የገዛው የአገሩን ስምና የራሱን ስም ነው። ኮንጎ ዛየር ከተባለች ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ዓለም የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። አሁን ግን የዓለም ጋዜጠኞች ሁሉ ለሳምንታት ኪንሻሳን በየቀኑ ሊጽፉ ነው። በንግድ ቋንቋ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ በሒሳብ መዝገብ ላይ ዋጋው እንጂ ፍሬው አይታይም። አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ከፋይ የሚወዱት ለዚህ ነው፦ ትርፍና ኪሳራውን በቲኬት አይቆጥርም።

ሴፕቴምበር 16፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ በአራተኛው ቀን፣ ፎርማን በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰነጠቀ። ለሴፕቴምበር 25 የተቀጠረው ግጥሚያ በአምስት ሳምንት ተራዘመ። የዚህ ንግድ ሰርግ መሰል ባሕርይ እንደዚህ ጊዜ ፊት ለፊት የሚታይበት የለም። ለግጥሚያው አጃቢ ተብሎ የተሰናዳው የሙዚቃ ድግስ፣ ጄምስ ብራውን፣ ቢ.ቢ. ኪንግና ሚሪያም ማኬባ የተገኙበት፣ በቀጠሮው ቀን ያለ ግጥሚያው ተካሄደ። ሆቴሉ፣ ጋዜጠኛው፣ የሳተላይት ቀጠሮው ሁሉ እንደገና ወጪ ጠየቀ። ከዚህም በላይ የሚያስፈራው ዝናብ ነበር፤ ወሩ ወደ ዝናብ ወቅት እየገባ ነው። በቆዳ ስንጥቅ ምክንያት የአንድ መንግሥት ዕቅድ ሲንገዳገድ ማየት፣ የዚህ ንግድ መሠረት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ ላስ ቬጋስ ተራዋን ወሰደች። እ.ኤ.አ. በ1990 የሚራዥ ካዚኖ ባለቤት ስቲቭ ዊን የበስተር ዳግላስንና የኢቫንደር ሆሊፊልድን ግጥሚያ ለማዘጋጀት 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አቀረበ። ዳግላስ ከብዶ መጣና በሦስተኛው ዙር በዝረራ ወደቀ። ለካዚኖው ግን የዙሩ ቁጥር ዋናው ነገር አይደለም። ግጥሚያው ሀብታም ቁማርተኞችን ለሦስትና ለአራት ቀን ከተማው ውስጥ የሚያቆይ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በቁማር ጠረጴዛው ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከፍሎ ማየት ሲመጣ ሒሳቡ የማይታመን መጠን ላይ ደረሰ። አንዱን እንመርምረው። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1997 ማይክ ታይሰን የሆሊፊልድን ጆሮ የነከሰበት ግጥሚያ 1.99 ሚሊዮን ቤቶች ውስጥ በ49.95 ዶላር ተሸጠ። ይህ ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋል። በልማዱ ግማሽ ያህሉ ምስሉን ቤት ለሚያደርሱት የኬብል ኩባንያዎች ይቀራል፤ ስለዚህ 50 ሚሊዮን በሉት። የበሩ ገቢ ከ14 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ድምሩ 64 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቦክሰኞቹ ክፍያስ? ለሆሊፊልድ 35፣ ለታይሰን 30፤ 65 ሚሊዮን። በዚያ ዘመን ትልቁ የሽያጭ ስኬት የሚባለው ግጥሚያ፣ ሁለቱን ዋና ገቢዎች ደምሮ ሁለቱን ሰዎች እንኳ ለመክፈል በቋፍ ነው። የሌሎቹ ቦክሰኞች ክፍያ፣ ማስታወቂያው፣ ጉዞው፣ መድኑ የሚሸፈነውና ትርፍ የሚባለው የሚገኘው ከውጭ አገር የሥርጭት መብት፣ ከስፖንሰርና ከመሳሰለው ነው። ይህን ሳሰላ የአዘጋጆቹን ጩኸትና በየጋዜጣዊ መግለጫው የሚነሳውን ግርግር በሌላ ዓይን አያለሁ፤ የመጨረሻዎቹ መቶ ሺህ ቤቶች ካልገዙ ሌሊቱ ኪሳራ ነው።

ቦክሰኛው እጅ የሚገባውም በጋዜጣ የተጻፈው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ታይሰን ፉሪና ዲሊያን ዋይት አዘጋጆቻቸው ስላልተስማሙ ግጥሚያው ለጨረታ ወጣ፤ ፍራንክ ዋረን 41,025,000 ዶላር አቅርቦ አሸነፈ። 10 በመቶው ለአሸናፊው ተቀምጦ ቀሪው 80 ለ20 ተከፈለ፦ ለሻምፒዮኑ ፉሪ 29.5 ሚሊዮን፣ ለዋይት 7.4 ሚሊዮን ያህል። ከዚያ ላይ ቀበቶውን የሚሰጠው ድርጅት ድርሻውን ያነሳል፤ ማናጀሩ፣ አሰልጣኙ፣ የወራት የልምምድ ካምፕ ወጪው፣ በመጨረሻም ግብሩ አለ። በዌምብሌይ 94 ሺህ ሰው ተገኝቶ ስለነበር ያ ጨረታ በተመልካች ጉልበት ሊቆም የሚችል ነበር።

ሪያድ ይህን ሁሉ ለውጣለች። በዲሴምበር 2019 አንቶኒ ጆሹዋና አንዲ ሩዊዝ በዲሪያ ለዚያች ሌሊት በተሠራ ስታዲየም ተገናኙ፤ በሜይ 18 ቀን 2024 ፉሪና ኦሌክሳንደር ኡሲክ በሪያድ ገጥመው ኡሲክ አራቱንም ቀበቶዎች ጠቀለለ። ይህም ግጥሚያ ለፌብሩዋሪ ተቀጥሮ ነበር፤ ፉሪ በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰንጥቆ ተራዘመ። ከኪንሻሳ 50 ዓመት በኋላ ያው ስንጥቅ፣ ያው መንግሥታዊ ከፋይ። ሰዓቱም ያው ነው፦ ሪያድ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ ለንደን ላይ ከምሽቱ 5። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ እኛም አብረን አምሽተናል።

ልዩነቱ የከፋዩ አቅም ነው። የሳዑዲ መዝናኛ ባለሥልጣን አንድ ግጥሚያ ሒሳቡን እንዲደፋ አይጠብቅም፤ ከነዳጅ በሌላም ነገር የሚታወቅ አገር እየገነባ ነው። ለቦክሰኞች ይህ መልካም ነው፤ አዘጋጆች በመናቆራቸው ለዓመታት ያላየናቸውን ግጥሚያዎች አይተናል። የሚያሳስበኝ የዋጋው ልክ ነው። አንድ ቦክሰኛ ተመልካች ሊከፍል ከሚችለው በላይ የሆነ ክፍያ ከለመደ፣ ያ ከፋይ አንድ ቀን ፊቱን ቢያዞር ወደ ቀድሞው ዋጋ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። በሴፕቴምበር 2024 ጆሹዋና ዳንኤል ዱቧ በ96 ሺህ ሰው ፊት በዌምብሌይ ሲገጥሙ እንኳ ግጥሚያው የቀረበው በሪያድ ስም ነበር። ቦታው ወደ ለንደን ተመልሷል፤ ከፋዩ ግን እንደተለወጠ ቀርቷል።

ኪንሻሳ ላይ አሊ በስምንተኛው ዙር ፎርማንን በዝረራ አሸነፈ። ሞቡቱ ስታዲየም አልመጣም፤ በቤተ መንግሥቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ነው ያየው። አሸናፊውም ተሸናፊውም እኩል 5 ሚሊዮን ነበራቸው። የዛየር መንግሥት ዋና ገቢ የነበረው የመዳብ ዋጋ ግን ከዚያው ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እየወደቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን በጊዜው መክፈል አቃታት። ያን ሌሊት ግጥሚያው አልቆ ብዙም ሳይቆይ የተፈራው ዝናብ ወረደ። ሥርጭቱ አብቅቶ፣ አሜሪካ ላይ የነበረው ተመልካች ከየአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር፤ ውኃው የወረደው በኪንሻሳው ስታዲየም ላይ ነው።