ሽማግሌው አብራሪና አዲሷ መንኮራኩር

ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ ሲያረጅ ሞፈሩን ለልጁ ይሰጣል። ልጁ በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ ግን አባት ቤት አይቀመጥም። ከማሳው ዳር ቆሞ ያያል። እጁ ዕርፍ አልያዘም፤ ልቡ ግን ከልጁ ጋር ያርሳል። በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነው ነገር ይህንኑ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1961 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች በፍሎሪዳ ምሳ ይበሉ ነበር። ፍራንክ ቦርማን፣ ጄምስ ላቭልና ዊሊያም አንደርስ ይባላሉ። በማግስቱ አፖሎ 8 በተባለች መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ሊሄዱ ነው። ከዚያ በፊት ወደዚያ የሄደ ሰው አልነበረም። የሚሸከማቸው ሮኬት ሳተርን 5 ሰው ሳይጫንበት ሁለት ጊዜ ብቻ ተሞክሯል። በሁለተኛው ሙከራ ክፉኛ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ሁለት ሞተሮቹም ያለ ጊዜያቸው ጠፍተዋል። ጉድለቱ ተጠንቶ ታርሟል። ይሁን እንጂ በደህና እንመለሳለን ብሎ መማል የሚችል አልነበረም።

በምሳው ላይ አንድ የ66 ዓመት እንግዳ ነበሩ። እኚህ ሰው ቻርልስ ሊንድበርግ ናቸው። ግንቦት 12 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ አንድ ሞተር ባላት አውሮፕላን ብቻቸውን ከኒው ዮርክ ተነሡ። የትም ሳያርፉ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጠው ከ33 ሰዓት ተኩል በኋላ ፓሪስ ገቡ። ይህን ሲሞክሩ የሞቱ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ሊንድበርግ ርቀቱን መጀመሪያ የለኩት በምን ይመስላችኋል? በሉል ላይ ክር ዘርግተው ነው።

ሽማግሌው ጠፈርተኞቹን ስለ ሮኬቱ ጠየቋቸው። ከዚያም አሰቡና፣ ሮኬቱ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የሚያቃጥለው ነዳጅ እሳቸው እስከ ፓሪስ ካቃጠሉት ሁሉ አሥር እጥፍ መሆኑን ነገሯቸው። አንድ ሴኮንድ ማለት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ነዳጅ ለምን አስፈለገ? የሮኬቱ ቁመት 110 ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ ወደ 28,000 ኩንታል ይደርሳል። አብዛኛው ክብደት ነዳጁ ራሱ ነው። ከታች ያሉት አምስት ሞተሮች የሚያነዱት ከኩራዝ ጋዝ ጋር አንድ ዘር የሆነ፣ ነገር ግን ይበልጥ የተጣራ ጋዝ ነው።

እሳት ያለ አየር አይነድም። ፍም በድስት ቢከደን ይጠፋል። በጠፈር ደግሞ አየር የለም። ስለዚህ ሮኬቱ ለማንደጃ የሚሆነውን ኦክስጅን ከነዳጁ ጋር ተሸክሞ ይሄዳል። ኦክስጅኑ እጅግ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኗል።

እሳቱ ሮኬቱን የሚያነሣው እንዴት ነው? ጠመንጃ ሲተኮስ ጥይቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሰደፉ ትከሻን ወደ ኋላ ይመታል። በሮኬትም እንዲሁ ነው። የሚነደው ጋዝ ወደ ታች ይወረወራል፤ ሮኬቱ ወደ ላይ ይገፋል። የታችኛው ክፍል ነዳጁን ሲጨርስ ተላቆ ይወድቃል። ባዶ ስልቻ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ማን ነው?

ይህ ጥበብ የተጀመረው በትንሹ ነው። መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ.ም. ሮበርት ጎዳርድ የተባሉ መምህር በዘመዳቸው እርሻ ላይ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የመጀመሪያውን ሮኬት ተኮሱ። ወደ 12 ሜትር ከፍ አለ። ሁለት ሴኮንድ ተኩል ብቻ በሮ ጎመን መካከል ወደቀ። አንድ ትልቅ ጋዜጣ ቀደም ሲል በ1912 ዓ.ም. ሮኬት አየር በሌለበት አይሠራም ብሎ አፊዞባቸው ነበር። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው ከ49 ዓመት በኋላ ነው። ጎዳርድ ግን በ1937 ዓ.ም. ሞተዋል። እንግዲህ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። አንብቦ መመርመር ያስፈልጋል።

ያላፌዘው ሰው ማን ነበር? ሊንድበርግ ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. ጎዳርድን ፈልገው አገኙ፤ ጉገንሃይም የተባሉ ባለጸጋም ገንዘብ እንዲሰጧቸው አደረጉ። ጎዳርድ ያን ጊዜ፣ ጨረቃ መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሳይፈጅ አይቀርም ብለዋቸው ነበር። በኋላ መላው የጨረቃ ጉዞ ሥራ ከ20,000 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ሽማግሌው ይህንንም በምሳው ላይ ለጠፈርተኞቹ አጫወቷቸው።

በማግስቱ ጧት ሊንድበርግና ባለቤታቸው ራቅ ብለው ቆመው ተመለከቱ። መጀመሪያ ነበልባሉ ታየ። ድምፁ ቆይቶ ደረሰ፤ መብረቅ ታይቶ ነጐድጓዱ ኋላ እንደሚሰማ ማለት ነው። ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች። ሮኬቱ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ከዚያ ፈጠነና ከዓይን ተሰወረ።

ሦስቱ ሰዎች ጨረቃን 10 ጊዜ ዞሩ። አንደርስ ምድራችን ከጨረቃ ጠርዝ ብቅ ስትል ፎቶግራፍ አነሡ። ሰማያዊና ነጭ ሆና፣ በጨለማ መካከል ብቻዋን ትታያለች። በፎቶግራፉ ላይ የአገር ድንበር አይታይም። ታኅሣሥ 18 ቀን በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በደህና አረፉ።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳተላይት የምንለውን መሣሪያ ወደ ላይ የሚያወጣው ሮኬት ነው። ደመናን ከላይ አይቶ ስለ ዝናብ የሚነግረን ሳተላይት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር በሮኬት ተወነጨፈች። ክብደቷ ወደ 70 ኪሎ ነበር፤ ከአንድ ኩንታል ያንሳል። ሥራዋም መሬትንና ሰብልን ከላይ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር።

ሊንድበርግ በ1966 ዓ.ም. ሞቱ። ሦስቱ ጠፈርተኞችም አርጅተው አልፈዋል። ዕውቀቱ ግን አልሞተም። ለምን ቢሉ ተጽፏል፤ የተጻፈውንም ሌሎች አንብበው ቀጥለውበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጎመን መካከል የወደቀው ሮኬት በ43 ዓመት ውስጥ ሰውን ጨረቃ አደረሰ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሮኬት ኦክስጅን ተሸክሞ የሚሄደው ለምንድን ነው?
2. ሊንድበርግ ጎዳርድን ባይረዱ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
3. በቀበሌያችሁ ያሉ ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ገና ያልተጻፈ ጥበብ ምንድን ነው? ማን ይጽፈዋል?