ያውቁ ኖሯል? ምን አማረህ?

በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለን እንገባለን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን «እግዜር ይማርህ» እንልና ቀጥለን «ምን አማረህ?» እንላለን። መልሱ ብዙ ጊዜ ሾርባ ነው፤ አለዚያ ምንም። ይህችን ጥያቄ መደበኛ ሥራቸው ያደረጉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል?

ከሁሉ የታወቀው «ሜክ ኤ ዊሽ» የተወለደው ከአንድ ሕፃን አምሮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የደም ካንሰር የያዘው የ7 ዓመት ልጅ ፖሊስ መሆን ፈለገ። ፖሊሶቹ በልኩ ዩኒፎርም አሰፉለት፣ በሄሊኮፕተር አዞሩት፣ የክብር ባልደረባቸው አደረጉት። ልጁ በቀናት ውስጥ አረፈ፤ ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም።

ችግሩ፣ ይህ ድርጅት የሚቀበለው ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ነው። በ22 ዓመቱ የታመመስ? ለሕፃናት ክፍል ትልቅ ነው፤ ከአዛውንቶች ጎን ሲያስተኙት ደግሞ ያለ ቦታው የመጣ ይመስላል።

የአርሰናል ደጋፊዎች ይህችን ይያዙልን። በ1971 ሁለት ዋንጫ ያነሳው ቡድን በረኛ ቦብ ዊልሰን ሴት ልጁን አናን በ31 ዓመቷ በካንሰር አጣ። በ1999 ከባለቤቱ ከሜግስ ጋር «ዊሎው» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዊሎው ከ16 እስከ 40 ዓመት ላሉ በጠና ለታመሙ ወጣቶች «ልዩ ቀን» ያዘጋጃል። ታማሚው ብቻውን አይሄድም፤ ቤተሰቡም አብሮ ነው። ልክ ነው፤ አስታማሚም ይደክመዋል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሆላንዱ ነው። የአምቡላንስ ሾፌሩ ኬስ ፌልድቡር በ2006 አንድ በሞት አፋፍ ላይ ያለ የቀድሞ መርከበኛ ሲያመላልስ፣ ሰውየው ወደቡንና መርከቦቹን አንዴ ማየት እንደናፈቀ ነገረው። ኬስ በእረፍት ቀኑ በቃሬዛ አስተኝቶ ሮተርዳም ወደብ ወሰደው። በዓመቱ ሥራው ድርጅት ሆነ። የድርጅቱ አምቡላንሶች የሚጠየቁት የሩቅ አገር ጉዞ እንዳይመስልዎ፤ ባሕር፣ የገዛ ቤት፣ የልጅ ሠርግ ነው። በ2015 በአምስተርዳም ሙዚየም፣ ጎብኚው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ በቃሬዛ የተኛች ሴት ከሬምብራንት ሥዕል ፊት ለፊት ቆማ፣ ማለት ተኝታ፣ ስትመለከት የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞሯል።

ወደ አገራችን እንምጣ። እኛ ዘንድ የልግስናው ብር ቀድሞ የሚሄደው ለመኝታ፣ ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት ነው። «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ» በ2004 የተቋቋመው በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም ነው፤ መሥራቾቹም ወላጆቹ ናቸው። «ተስፋ አዲስ»ም እንዲሁ የወላጆች ማኅበር ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ካንሰር ለያዛቸው ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ማደሪያ ይሰጣል።

ማደሪያ ቀላል ነገር መሰለዎት? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የልብ ሕመምም አለ። ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የልብን በሮች እስከማበላሸት ይደርሳል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን አልጋ ላይ የጣለው ይህ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት በ1989 የተመሠረተው የሕፃናት የልብ መርጃ ማኅበር በ2009 እዚያው ጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል ከፈተ። አከርካሪያቸው የተጣመመ ወጣቶችን ደግሞ አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆደስ ለቀዶ ሕክምና ጋና ድረስ ይልኳቸዋል።

በጋሞ ደጋ ያለው ሕመም ሌላ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ የሚውል ገበሬ፣ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። አማርኛው «ዝሆኔ» ይለዋል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው። አይተላለፍም። ጫማ ይከላከለዋል። ግን የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ወጣቱም ይሸሸጋል፤ ሠርግ አይሄድም፣ ገበያ አይወጣም። በጎረቤት ወላይታ «ሞሲ ፉት» ለእነዚህ ሰዎች በእግራቸው ልክ ጫማ ያሰፋል። ለእኔ ከሄሊኮፕተሩ አያንስም፤ በልክ የተሰፋ ጫማ አድርጎ ሠርግ ቤት መግባት።

ከሠርጉ ሌላ በዓሉም አለ። መስከረም 17 ሲቃረብ የአዲስ አበባዋ ሽሮ ሜዳ ለምን ጭር እንደምትል ያውቁ ኖሯል? ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ለመስቀል አገር ቤት ይገባሉ። «ዮ ማስቃላ» ነው ሰላምታው፤ ለበዓሉ የሚታረደው በሬ በዓመት ሙሉ ቁጠባ የተገዛ ነው። ለጋሞ ልጅ «ምን አማረህ?» ቢሉት፣ መስከረም ላይ ከሆነ መልሱን መገመት አያቅትም።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። ምስጥ እግሩን ስለሚበላው በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ካስፈለገም ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል። ቤቱን የሚሸከሙ ሰዎች አንድ ቃሬዛ ያቅታቸዋል አልልም።

ታማሚን ወደ ጋሞ፣ አርባ ምንጭ ለመውሰድ የሚያስቡ ካሉ፦ ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ልቡ ወይም ሳንባው ለታመመ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። ቆላው የወባ አገር ነው፤ ኬሞ የሚወስድ ሰው ያለ አጎበር አይደር። የሐይቁ ዓሣም በደንብ ይብሰል። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ «አዞ ገበያ» ለማየት ጠዋቱ ይሻላል፤ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁት ያኔ ነው። ጀልባው የማይቻል ከሆነ፣ ከከተማዋ ከሴቻ ሰፈር ዳርቻ ሆኖ ቡናማውን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን ከእነ «እግዜር ድልድይ» በአንድ እይታ ማየት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሕመሙ ይታገሥለት። በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 የተቋቋመው «ሆስፒስ ኢትዮጵያ» ነርሶቹን ታማሚው ቤት ድረስ የሚልከው ለዚህ ነው። እየቃተተ ሐይቅ ያየ ሰው ሐይቅ አላየም።

ዘንድሮ ለመስቀል በመኪናዎ ወደ ጋሞ የሚሄዱ ከሆነ፣ ከመነሳትዎ ሳምንት አስቀድመው ጎረቤት ተኝቶ የሚታከም የአገር ልጅ ካለ ይጠይቁ። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ የኋላው ወንበር ለእሱና ለእናቱ ይበቃል።