ዋሽንት ለጀማሪ

አርብ ገበያን ዋና ከተማው ባደረገው በታች ጋይንት፣ እንዲሁም በአጎራባቾቹ በስማዳና በእስቴ፣ ዋሽንት የእረኛ ገንዘብ ነው፤ ልጁም የሚማረው መምህር ተሰይሞለት ሳይሆን ከብቱ በተሰማራበት መስክ የታላላቆቹን ዜማ እየሰማ፣ ጣታቸውንም እየተመለከተ ነው። ይኸው የጋይንት ምድር ግን ዜማን በብርቱ ሥርዓት በማስተማር የታወቀ ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በዚሁ አገር ስለምትገኝ፣ ከየአድባራቱ የሚመጣ ተማሪ በየኔታ ፊት ዓመታትን ያሳልፍባታል። ዋሽንት እንደ ከበሮና ጸናጽል ወደ ቅኔ ማሕሌት የሚገባ መሣሪያ ባይሆንም፣ ጀማሪው ከድጓው ተማሪ አንድ ልማድ ቢዋስ መልካም ነው እላለሁ፤ ይኸውም ዜማውን በቃል ሳያጠኑ ወደሚቀጥለው አለመሻገር ነው።

ዋሽንት ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ፣ የውስጥ አንጓው የተበሳ ሸምበቆ ነው፤ በዘመናችን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦም ይሠራል። በጋለ ብረት የሚበሱት የጣት ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። ሁሉም ሲደፈኑ ዝቅተኛው ድምፅ ይሰማል፤ ከታች ወደ ላይ በተራ ሲከፈቱ አራት ይጨመራሉ፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም የቆሙት በአምስት ድምፅ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ቀዳዳ መፈለግ አላስፈለገም። እስትንፋስ ጠንከር ሲል ደግሞ እነዚያው ድምፆች ከፍ ብለው ይደገማሉ።

ጭንቁ ያለው ከጣት ይልቅ በከንፈር ዘንድ ነው። ጀማሪ እንደ ፊሽካ አፉ ውስጥ ከትቶ ይነፋና ምንም ሳይሰማ ይቀራል፤ ተገቢው ግን ዋሽንቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ የላይኛውን አፉን በከንፈር ላይ አስደግፎ፣ ቀጭን እስትንፋስ ወደ ማዶው ጠርዝ መላክ ነው፤ እስትንፋሱ በጠርዙ ላይ ሲከፈል ድምፅ ይወለዳልና። በመጀመሪያ የሚወጣው ባዶ ሽውታ ነው። ያን ጊዜ ኃይል መጨመር ራስ ከማዞር በቀር አይረዳም፤ ዘንበልታውን በጥቂቱ ማለዋወጥ ይሻላል። ቀዳዳውም የሚደፈነው በጣት ሥጋ እንጂ በጥፍር አጠገብ አይደለም፤ ጥቂት አየር ካመለጠ ዝቅተኛው ድምፅ ፈጥኖ ይጠፋል። ጣቶች ከመነሣታቸው በፊት ግን ያ አንድ ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ መቆም አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ዜማውን አስቀድሞ በአፍ አንጎራጉሮ፣ ቀጥሎ በጣት መፈለግ ነው።

ይህ የሜዳ ጥበብ በከተማም ወንበር አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 በተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዮሐንስ አፈወርቅ ዋሽንትን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ጋር አስተባብሮ አሰምቷል፤ በአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ይሰጣል።

ዋሽንት ሲገዛ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባል። የክራር ጅማት ሊጠብቅና ሊላላ ይችላል፤ ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ አይቃኝም፤ ስለዚህ አዋቂው ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ይዞ ይዞራል፤ አንድ ብቻ ያለው ጀማሪ ከባለ ክራር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክራሩ በእርሱ ዋሽንት ይቃኝለታል።