ከሰሉ የት ሄደ?

የደጋ ብርድ ምን እንደሆነ የዶዮገና ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ሲመሽ በር ይዘጋል፤ ከሰል ይቀጣጠላል። ውድ አንባቢያችን፣ ማታ ማንደጃ ሙሉ የነበረው ከሰል ጠዋት እፍኝ አመድ ሆኖ ሲያድር “ነድዶ አለቀ” እንላለን። በእርግጥ አልቋልን?

ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ላቮይዚዬ በ18ኛው መቶ ዘመን ብረታ ብረትን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እያጋለ ከሙከራው በፊትና በኋላ ይመዝን ነበር። ክብደቱ አልቀነሰም፤ አልጨመረምም። ይህን ሥራ የሠራው ግን ብቻውን አልነበረም። ሚስቱ ማሪ አን ውጤቱን ትመዘግብለት፣ ከእንግሊዝኛ ትተረጉምለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን የመሣሪያ ሥዕሎችም የሠራችው እርሷ ናት።

ተማሪ ልጆቻችሁ ይህን “የቁስ አካል አይጠፌነት” ብለው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። የኬሚስትሪ ቀመር በግራና በቀኝ እኩል መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲነድ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ከሰሉ አልጠፋም፤ አየሩን ይዞ ወደማይታይ ጋዝ ተለወጠ።

በሩ ሲዘጋ

አየር ሲያጥር ቀመሩ ይለወጣል። ያው 32 ግራም ኦክስጅን ለ24 ግራም ካርቦን ይዳረስና 56 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሚዛኑ አሁንም እኩል ነው፤ የወጣው ግን መርዝ ነው። ቀለም የለውም፤ አይሸትም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

“ፍም ሆኗል፤ ጭሱም ወጥቶለታል” ብላችሁ አትዘናጉ። ፍሙም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉ፤ ቤት ከገባም መስኮት ይከፈት፤ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን አውጡት። የታመመ ሰው ካለ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የማይታየው ሁሉ አልጠፋም

ባልና ሚስት ሆይ፣ በቤታችን “አለቀ” የምንለው ስንት ነገር አለ? በቁጣ የተነገረ ቃል፣ ይቅርታ ያልተጠየቀበት በደል፣ ተደብቆ የወጣ ገንዘብ! ዝም ስለተባለ የጠፋ ይመስለናል። ነገር ግን መልኩን ለውጦ በዝምታ፣ በጥርጣሬ፣ በልጆች ፍርሃት ተዘግቶ ይቀመጣል። መፍትሔው በሩን መክፈት ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መነጋገር፣ ስሙን ጠርቶ መናዘዝ።

የኬሚስትሪ ሕግ የወንጌል ማስረጃ አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል ግን ይረዳናል። ኃጢአታችን እንዲሁ በኖ አልጠፋም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 53ን አብራችሁ አንብቡ፤ ዕዳችን በሌላው ላይ ተጭኖ ታገኙታላችሁ። እኛ ነፃ የወጣነው ጌታ ኢየሱስ ስለተሸከመልን ነው። ያን ያህል የተከፈለለት ሰው ለትዳር ጓደኛው ይቅርታን እንዴት ይሰስታል?

ዛሬ ማታ ማንደጃውን ደጅ አውጡ። ቂሙንም አብራችሁ አውጡት። ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ!